ከበረዶው ተራራ ሥር ያለው ሜዳ፦ ዳራምሻላ ትልቅ ጨዋታ የሚያገኘውም የሚያጣውም ለምንድን ነው?

ሜይ 8 ቀን 2025፣ ምሽት። ሰሜን ህንድ፣ ዳራምሻላ ከተማ። ዝናብ ስለነበር የህንድ ፕሪሚየር ሊግ የክሪኬት ጨዋታ ዘግይቶ ነው የተጀመረው። የፑንጃብ ኪንግስ ልጆች ግን የባከነውን ሰዓት ለማካካስ የፈለጉ ይመስል ኳሷን እያነሱ ወደ ተመልካቹ ይልኳታል። ውጤቱ 122 ደርሷል። የወጣባቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ድንገት አንዱ የመብራት ማማ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹም ተከተሉ። የሊጉ ሊቀመንበር አሩን ዱማል ራሳቸው ሜዳ ገብተው በእጃቸው ምልክት እያሳዩ ሕዝቡ እንዲወጣ መለመን ጀመሩ።

ያን ሰሞን ህንድና ፓኪስታን በሚሳይልና በድሮን እየተመታቱ ነበር። ያን ምሽት ደግሞ በጃሙና በፓታንኮት በኩል የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ተሰምቷል። በፓኪስታን ድንበር አቅራቢያ ያለችው ፓታንኮት ከስታዲየሙ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በማግስቱ ሊጉ በሙሉ ተቋረጠ። ቅርብ ያለው አየር ማረፊያ ተዘግቶ ስለነበር ተጫዋቾቹ በመኪና ወደ ጃላንድሃር ወርደው፣ በልዩ ባቡር ደልሂ ገቡ። ጨዋታው ከሁለት ሳምንት በኋላ ጃይፑር ላይ እንደ አዲስ ተደረገ።

ዜናውን የሰማ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቋል። ለመሆኑ ከድንበር ይህን ያህል የሚቀርብ፣ ዝናብ የማያጣው፣ ትንሽ የተራራ ከተማ እንዴት የዓለም አቀፍ ክሪኬት ሜዳ ሆነ? የሜዳውን ታሪክ ከሥሩ ካየነው መልሱ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራምሻላ የት ነው?

ሂማቻል ፕራዴሽ በምትባል ተራራማ ክልል፣ ካንግራ በሚባል አውራጃ ውስጥ ነው። ስሙ የመንገደኛና የተሳላሚ ማረፊያ ቤት ማለት ነው። ከጀርባው ዳውላዳር የሚባል የተራራ ሰንሰለት ቆሟል። «ነጩ ሰንሰለት» እንደማለት ነው። አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ በረዶ ይለብሳል። ስታዲየሙ ያለበት ቦታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,457 ሜትር ነው። ለኛ ሰው በቀላሉ ለማስረዳት፣ ከድሬዳዋ ከፍ፣ ከባሕር ዳር ዝቅ ይላል።

ከተማዋን ዓለም የሚያውቃት በክሪኬት አይደለም። የቲቤቱ መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ በ1959 ከአገራቸው ተሰደው ህንድ ገቡ። ከ1960 ጀምሮ የሚኖሩት ከከተማዋ ከፍ ብላ ባለች ማክሎድ ጋንጅ በምትባል ሰፈር ነው። ስለዚህ በስታዲየሙ መቀመጫዎች ላይ ቀይ ኩታ የለበሱ መነኮሳት ተቀምጠው ማየት ብርቅ አይደለም።

አካባቢው መከራም ያውቃል። ኤፕሪል 4 ቀን 1905 የደረሰው የካንግራ የመሬት መንቀጥቀጥ 20 ሺህ ያህል ሰው ገድሏል። ከተማዋንም አፍርሷታል። አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ካንግራ ከጥንት ጀምሮ ወታደር የሚበዛበት አገር ነው። የህንድን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት ሻለቃ ሶምናት ሻርማ የዚህ አውራጃ ልጅ ናቸው።

ክሪኬት ለማያውቅ ሰው ምን ይበቃዋል?

ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው ጨዋታውን ሳያየው አይቀርም። አርብ ጠዋት፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ የህንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ፕላስቲክ ሳጥን አቁመው ኳስ ሲወረውሩ። ሳጥኑ የእንጨቶቹ ምትክ ነው። ወርዋሪው እንጨቶቹን ለመምታት ይወረውራል። መቺው በጠፍጣፋ ዱላ ኳሷን ይመልሳል። ኳሷ ርቃ ስትሄድ መቺዎቹ ወዲያና ወዲህ እየሮጡ ነጥብ ይሰበስባሉ። ኳሷ እንጨቱን ከመታች ወይም መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ይወጣል። አሥሩ ሲወጡ የቡድኑ ተራ ያበቃል።

ስድስት ውርወራ አንድ ዙር ይባላል። ሦስት ዓይነት ጨዋታ አለ። ቲ20 ለያንዳንዱ ቡድን 20 ዙር ይሰጣል፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። የአንድ ቀኑ ጨዋታ 50 ዙር ነው። ቴስት የሚባለው ግን እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። የክሪኬት ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት እሱን ነው። አንድ ከተማ «ቴስት አስተናገደች» ሲባል ወጉ ደረሳት ማለት ነው።

ስለ ሜዳው ሁለት ቃል። መሐል ላይ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በሸክላ አፈር የተደለደለ ጠንካራ መሬት አለ፤ ፒች ይባላል። ኳሷ የምትነጥረው እዚያ ላይ ነው። ዙሪያውን ያለው ሰፊው ሣር አውትፊልድ ይባላል። ተጫዋች የሚሮጠው፣ ተንሸራትቶ ኳስ የሚያስቀረው እዚያ ነው። የዳራምሻላ ጣጣ ሁሉ ያለው አውትፊልዱ ላይ ነው።

ስታዲየሙን ማን ሠራው?

የሂማቻል ፕራዴሽ ክሪኬት ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1960 ነው። ለረጅም ዓመት ግን ስሙን የሚያነሳው አልነበረም። በ2000 አኑራግ ታኩር የሚባሉ የ25 ዓመት ወጣት ሊቀመንበር ሆኑ። አባታቸው ፕሬም ኩማር ዱማል ያኔ የክልሉ ዋና ሚኒስትር፣ በኛ አነጋገር የክልሉ ፕሬዚዳንት ነበሩ። መሬቱን የክልሉ መንግሥት በሊዝ ሰጠ። ስታዲየሙ በ2003 ተከፈተ። ከ20 ሺህ ትንሽ በላይ ሰው ይይዛል። ለህንድ ይህ ትንሽ ነው።

ሠሪዎቹ አንድ ነገር በደንብ አስበውበታል። የመቀመጫውን ፎቅ ዙሪያውን እኩል አላስረዘሙትም። አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ተራራው ወለል ብሎ እንዲታይ ተደርጓል። የዋናው ሕንፃ ጣሪያ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም አለው፤ የቲቤት ገዳም ይመስላል። በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ «ያ ተራራ ያለበት ሜዳ» ይለዋል። ለአንድ ስታዲየም ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ያለ አይመስለኝም።

መሬቱ ግን ክርክር አስነስቷል። በ2012 መጨረሻ ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። ኦክቶበር 2013 ላይ አዲሱ መንግሥት ሊዙን ሰርዞ ስታዲየሙን በሌሊት ተረከበው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ስታዲየሙ ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። በሊዙ ምክንያት የተከፈተውን የወንጀል ክስ ደግሞ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አደረገው።

ትልቅ ጨዋታ የሚያከፋፍለው ማነው?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስታዲየም ስላማረ ጨዋታ አያገኝም። ጨዋታ የሚያድለው የህንድ ክሪኬት ቦርድ ነው። ቦርዱ በ1928 ተቋቋመ። አባሎቹ የክልል ማኅበራት ናቸው። ልክ እንደ ዕቁብ አስቡት። አባል የሆነ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል። ተራው ሲደርሰው ግን ሜዳው ዝግጁ መሆን አለበት። ዕቁብ ላይ ዳኛው ማን እንደሆነ ለውጥ እንደሚያመጣ ሁሉ፣ እዚህም ቦርዱ ውስጥ ሰው ያለው ማኅበር ድምፁ ይሰማለታል።

ሂማቻል ሰው ነበረው። አኑራግ ታኩር በ2015 የቦርዱ ጸሐፊ፣ በ2016 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታዘዘው ማሻሻያ አልተፈጸመም ብሎ ከፕሬዚዳንትነት አነሳቸው። ዳራምሻላ የመጀመሪያውን ቴስት ያገኘው ከዚያ በሁለት ወር ከምናምን በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር አልተነካም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ገንዘብ ነው። የህንድ ክሪኬት ዋና ገቢው የቴሌቪዥን መብት ሽያጭ እንጂ የመግቢያ ቲኬት አይደለም። ስለዚህ ቦርዱ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ትቶ 20 ሺህ ሰው የሚይዘው ጋ ቢሄድ ያን ያህል አይጎዳም። በ2016 እና 2017 የውድድር ዘመን ብቻ ስድስት ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት አስተናገዱ፦ ኢንዶር፣ ራጅኮት፣ ቪሻካፓትናም፣ ፑኔ፣ ራንቺ እና ዳራምሻላ። ዳራምሻላ የህንድ 27ኛ የቴስት ሜዳ ሆነ።

ሁሉም ሰው አልወደደውም። የህንድ ቡድን አምበል የነበረው ቪራት ኮህሊ በ2019 ራንቺ ላይ መቀመጫዎቹ ባዶ ሆነው ካየ በኋላ፣ ቴስት በአምስት ቋሚ ከተሞች ብቻ ቢደረግ ይሻላል ብሏል። ቁም ነገር አለው። እኔ ግን የተራራው ልጅ ትልቅ ጨዋታ ለማየት ደልሂ ድረስ መውረድ የለበትም ባይ ነኝ።

ትልልቆቹ ቀኖች የትኞቹ ናቸው?

ማርች 2005 ላይ የፓኪስታን ቡድን ህንድን ሲጎበኝ የማሟሟቂያ ጨዋታውን እዚህ አደረገ። የውጭ ቡድን ሜዳውን በደንብ ያየው ያኔ ነው። በ2010 የህንድ ፕሪሚየር ሊግ መጣ። ያኔ ኪንግስ ኢሌቨን ፑንጃብ ይባል የነበረው ቡድን የተወሰኑ የሜዳው ጨዋታዎችን እዚህ ማድረግ ጀመረ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የቼናይ ቡድኑ ማሄንድራ ዶኒ በመጨረሻው ዙር ሁለት ኳስ ከሜዳ ውጭ ልኮ ጨዋታውን ጨረሰና የራሱን የራስ ቁር በቡጢ መታው። ደስታውን አምቆ የሚይዝ ሰው ነውና፣ ያን ምስል የህንድ ተመልካች እስከዛሬ አይረሳውም።

የመጀመሪያው የአገር ለአገር ጨዋታ ጃንዋሪ 27 ቀን 2013 ተደረገ። እንግሊዝ ህንድን አሸነፈች። ኦክቶበር 17 ቀን 2014 የተደረገው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን የሆነው የዌስት ኢንዲስ ተጫዋቾች በክፍያ ጉዳይ ከራሳቸው ማኅበር ጋር ተጣልተው ነበር። አምበሉ ድዌይን ብራቮ ሳንቲም ሊጣል ሲወጣ ቡድኑን በሙሉ አስከትሎ ወጣ። አድማ እንደሆነ ለሁሉም ገባው። ጨዋታውን ተጫውተው ጉዞውን አቋርጠው አገራቸው ገቡ። የህንድ ቦርድ ኪሳራዬን ክፈሉኝ ብሎ 42 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠየቀ።

በ2016 የዓለም ቲ20 ዋንጫ ኦማን አየርላንድን ያሸነፈችው እዚሁ ነው። ከኦማን ተጫዋቾች ብዙዎቹ ከፓኪስታንና ከህንድ የመጡ ናቸው፤ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት እየሠሩ ማታ የሚለማመዱ። ገልፍ ውስጥ ሥራና ሕልምን ጎን ለጎን ማስኬድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ድል በደንብ ይረዳዋል።

ከዚያ ማርች 2017። ህንድና አውስትራሊያ አንድ ለአንድ ሆነው ለወሳኙ ቴስት መጡ። አውስትራሊያዎቹ ከጨዋታው በፊት ዳላይ ላማን ሊጎበኙ ሄዱ። አምበሉ ስቲቭ ስሚዝ ከእሳቸው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካካ። በማግስቱ 111 ነጥብ አስቆጠረ። ግን አልበቃም። ኩልዲፕ ያዳቭ የሚባል ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ አራት ሰው አወጣና ህንድ አሸነፈች።

ህንድና ፓኪስታን ለምን እዚያ አልተጫወቱም?

ተመድቦ ነበር። ማርች 19 ቀን 2016፣ በዓለም ቲ20 ዋንጫ። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ወር ተኩል በፊት፣ ጃንዋሪ 2 ቀን፣ ታጣቂዎች የፓታንኮትን የአየር ኃይል ሰፈር አጥቅተው የጸጥታ ኃይል አባላት ተገድለው ነበር። ቅድም ካንግራ የወታደር አገር ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ጡረታ የወጡ ወታደሮች «የልጆቻችን ደም ሳይደርቅ የፓኪስታን ቡድን እዚህ አይጫወትም» ብለው ተነሱ። የክልሉ ዋና ሚኒስትር ቪርባድራ ሲንግ ጸጥታውን ማረጋገጥ እንደሚከብዳቸው ለማዕከላዊ መንግሥት አሳወቁ። ፓኪስታንም ዋስትና ካልተሰጠኝ ቡድኔን አልልክም አለች። ጨዋታው ወደ ኮልካታ ተዛወረ።

የቦርዱ ጸሐፊ ያኔ አኑራግ ታኩር ነበሩ። ማለትም ጨዋታውን ያጣው የራሳቸው ሜዳ ነው። በ2005 የፓኪስታን ቡድን በሰላም ተጫውቶ የሄደበት ሜዳ፣ በ11 ዓመቱ ለዚያው ቡድን በሩ ተዘጋ። ሜዳው አልተለወጠም። ድንበሩም እዚያው ነው። የተለወጠው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ነገር ነው፤ ዳራምሻላ ደግሞ ለዚያ ነገር በጣም ቅርብ ነው።

ሣሩ ምን ሆኖ ነው?

የሜዳው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

የዳራምሻላ ክረምት ከኛ ክረምት ጋር ይመሳሰላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዶፍ ነው። ደመናው ከታች ካለው ሜዳማ አገር ተነስቶ ሲመጣ ዳውላዳር ይገትረዋል፤ የያዘውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። ከተማዋ ከህንድ ዝናባማ ቦታዎች አንዷ ናት። በ2016ቱ ዋንጫ የተወሰኑ ጨዋታዎችን ዝናብ በላቸው። ሴፕቴምበር 2019 ህንድ ከደቡብ አፍሪካ ልትጫወት ነበር፤ አንድ ኳስ ሳይወረወር ቀረ። ማርች 2020 እንደገና ሁለቱ መጡ። እንደገና አንድ ኳስ ሳይወረወር ቀረ። ቲኬት ቆርጦ ሁለቴ ዝናብ አይቶ የተመለሰውን ሰው አስቡት።

ማኅበሩ በመጨረሻ ቆረጠ። አውትፊልዱ ተቆፈረ። አሮጌው አፈር ወጥቶ አዲስ የውሃ ማስወገጃ ተዘረጋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የክሪኬት ሣር ከላይ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ከሥሩ ወንፊት መሆን አለበት። ላይኛው አሸዋ የበዛበት አፈር ውሃውን ያሳልፋል። ከዚያ ጠጠር ይቀበለዋል። ከጠጠሩ ሥር ቱቦዎች ተዘርግተው ውሃውን ወደ ውጭ ይወስዱታል። ከቱቦው ጋር አየር የሚስብ ማሽን ሲገጠም ደግሞ ውሃው በራሱ እስኪወርድ አይጠበቅም፤ ጭማቂ በስትሮ እንደሚመጠጥ ከሥር ይጎተታል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የማይታዘዘው ሣሩ ነው። ሣር ሥር እንዲሰድ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። በተራራ ላይ ከክረምቱ ቀጥሎ ብርዱ ይገባል። ዝናቡ ሲያቆም የተተከለ ሣር ሳይጠና ውርጭ ይደርስበታል። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ የቦርዱ ሰዎች መጥተው ሲያዩ ቦታ ቦታ መሬቱ ራቁቱን ነው። ማርች 1 ሊጀመር የነበረው የህንድና የአውስትራሊያ ቴስት ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲቀረው ወደ ኢንዶር ተወሰደ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር የዓለም ዋንጫ መጣ። ዳራምሻላ አምስት ጨዋታ ተሰጥቶታል። የመጀመሪያው ባንግላዴሽ ከአፍጋኒስታን ነበር። የአፍጋኒስታኑ ሙጂብ ኡር ራህማን ኳስ ለማስቀረት ተንሸራተተ። ጉልበቱ መሬቱ ውስጥ ገባ፤ ሣሩ ከነአፈሩ ተገነጠለ። ወለል ላይ ሳይጣበቅ የተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ስትሮጡ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሥር ያልሰደደ ሣርም እንደዚያው ነው። አሠልጣኙ ጆናታን ትሮት ልጁ ከባድ ጉዳት ሳይደርስበት መትረፉ ዕድል ነው አለ። የእንግሊዙ አምበል ጆስ በትለር ሜዳው ጥሩ እንዳልሆነ በግልጽ ተናገረ፤ ተጫዋቾቹ ሲወድቁ እንዲጠነቀቁ ነገራቸው። የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ግን ሜዳውን «መካከለኛ» ብሎ አሳለፈው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ተራራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ተጫዋች ጉልበቱን የሚያጣበት ሜዳ ላይ የዓለም ዋንጫ መደረግ አልነበረበትም። ደግነቱ ማንም ክፉኛ አልተጎዳም። በ2024 ደግሞ፣ በአውትፊልዱ ሳይሆን በፒቹ ላይ፣ አንድ አዲስ ነገር ተሞከረ። ሰው ሠራሽ ክር ከተፈጥሮ ሣር ጋር የተሰፋበት ፒች በህንድ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ተመረቀ። ክሩ ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ነው። ሥራው ሣሩን አቅፎ መያዝ ነው፤ ፒቹ ቶሎ እንዳይሰነጠቅና እንዳይቆፈር።

አየሩስ ኳሷን ምን ያደርጋታል?

ሁለት ተቃራኒ ነገር። ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል። ስለዚህ በደንብ የተመታች ኳስ ሜዳማ አገር ላይ ከምትሄደው ትንሽ ርቃ ትሄዳለች። ኦክቶበር 28 ቀን 2023 አውስትራሊያ 388 አስቆጠረች። ኒውዚላንድ 383 ላይ ቆመች። በአምስት ነጥብ ብቻ! ሁለቱ ሲደመሩ 771 ነው፤ በአንድ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ያን ያህል ነጥብ ታይቶ አያውቅም ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ብርዱና እርጥበቱ ይበረታል። ኳሷ ከፒቹ ስትነሳ አቅጣጫ ትቀይራለች፤ መቺው ይቸገራል። ዲሴምበር 2017 ህንድ ከሲሪላንካ ስትጫወት በ29 ነጥብ ሰባት ሰው ወጣባት። ዶኒ ብቻውን 65 አስቆጥሮ ባያግዝ ኖሮ ትዋረድ ነበር። በ112 አለቀች፤ ተሸነፈችም። የህንድ ሜዳ ሲባል ደረቅ፣ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ኳስ የሚገዛበት ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ዳራምሻላ ሌላ አገር ይሆንበታል።

ጉም ደግሞ አለ። ኦክቶበር 22 ቀን 2023 ህንድ ከኒውዚላንድ ስትጫወት ጉም ከተራራው ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው። ዳኞቹ ጨዋታውን አስቆሙ። ከደቂቃዎች በኋላ ሲገልጥ ቀጠሉ።

ማርች 2024 የተደረገው ሁለተኛው ቴስት ሁሉንም በአንድ ያሳየ ነበር። የ41 ዓመቱ እንግሊዛዊ ጀምስ አንደርሰን በዚያ ብርድ፣ በረዶ የለበሰውን ተራራ ከጀርባው አድርጎ ወረወረና ኩልዲፕ ያዳቭን አወጣ። በቴስት ያወጣው 700ኛው ሰው ነበር። ከፈጣን ወርዋሪዎች ያን ቁጥር በቴስት የነካ ከሱ በፊት አልነበረም። ጨዋታውን ግን በሦስት ቀን ያሸነፈችው ህንድ ናት። 100ኛ ቴስቱን የሚጫወተው ራቪቻንድራን አሽዊን ዘጠኝ ሰው አውጥቷል።

ለአካባቢው ልጆች ምን ጠቀመ?

ሂማቻል በ2011 ቆጠራ 7 ሚሊዮን ሰው እንኳ ያልሞላት ክልል ናት። የህንድ ትልልቅ ክልሎች ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላቸው። ሆኖም ዲሴምበር 2021 ላይ የሂማቻል ወንዶች ቡድን በሪሺ ዳዋን አምበልነት የአገሪቱን የአንድ ቀን ውድድር፣ የቪጃይ ሃዛሬ ዋንጫን፣ ወሰደ። በፍጻሜው የጣሉት ታሚል ናዱን ነው። ለክልሉ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫው ነበር።

የሴቶቹ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። ማኅበሩ በ2009 እዚያው ዳራምሻላ ላይ የሴቶች አዳሪ አካዳሚ ከፈተ። ልጆቹ እዚያው እየኖሩ፣ እየተማሩ፣ ክሪኬት ይሠለጥናሉ። ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዷ ሬኑካ ሲንግ ታኩር ናት። ከሺምላ ተራሮች፣ ሮሩ ከሚባል አካባቢ ነው የመጣችው። 13 ዓመቷ ነበር። አባቷን ያጣችው የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። እሳቸው ክሪኬት የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የህንድ ሴቶች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ፍጻሜው የተደረገው ከዳራምሻላ እጅግ ርቆ፣ ሙምባይ አጠገብ ነው። የዚያ ቡድን ፈጣን ወርዋሪ ሬኑካ ናት። ዲሴምበር ላይ ደግሞ፣ መብራት ጠፍቶ ሕዝቡ በሌሊት ከወጣበት ሰባት ወር በኋላ፣ የህንድና የደቡብ አፍሪካ ወንዶች ዳራምሻላ ላይ ተገናኙ። ዝናብ አልነበረም። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ተካሄደ።